ይሄ የማን ፈረስ ነው?

ጊፍቲና እኔ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ውስጥ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ዌብሳይት እንሠራለን። እሷ ትስላለች፣ እኔ ባርኮት ደግሞ እሷ የሳለችው እንዲሠራ ኮዱን እጽፋለሁ። ሌላ ሠራተኛ የለንም። የተዋወቅነው የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ነበር፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ ሲሄድ እሷ ወደ ሌላ ስለምትሄድ መሪያችን ሁለት ወር ታግሶ በፍቅር አሰናበታት። ለቀልድ አይደለም ይህን የማነሣው። ጊፍቲ እንደዚያ ያለች ሰው ናት፤ ተሳስታም ቢሆን ድምፅዋን አትቀንስም።

ባለፈው ጥቅምት አንድ የቱሪዝም ድጋፍ ፕሮጀክት ሥራ ሰጠን። እንጦጦ ላይ ፈረስ የሚያከራዩ ሠላሳ አንድ ሰዎች ማኅበር መሥርተዋል። ቅዳሜና እሑድ ፈረሳቸውን አስጊጠው መንገድ ዳር ይቆማሉ፤ እንግዳው ግን ገና ከመኪና ሳይወርድ ደላላ ይቀበለውና ራሱ ደላላው ወደመረጠው ፈረስ ይወስደዋል። ማኅበሩ የፈለገው ቀላል ነገር ነው፦ ሰው ቤቱ ሆኖ ፈረሱን በስልኩ መርጦ በቀጥታ ወደ ባለቤቱ እንዲመጣ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ አቶ ለይኩን ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም። ሥራ ማለት ግን ለእሱ በሪፖርት ላይ የሚሰፍር ነገር ነው።

ጊፍቲ ሦስት ሳምንት ራሷን ዘግታ ሳለች። ምሳ እንኳ ስጠራት የምትመልሰው በእጇ ነበር። በመጨረሻ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረችው።

ጥቁር ገጽ ነው። በላዩ አንድ ፈረስ፣ በአንድ መስመር የተሳለ፤ ብዕሯን አንዴም ያነሣች አይመስልም። ጣት ሲያልፍበት ጋማው እንደ ወንዝ እየፈሰሰ ይወርዳል፤ በጋማው ውስጥ ደግሞ ሌሎቹ ፈረሶች ሁሉ ተሸሽገዋል። የነኩት ፈረስ ቀስ ብሎ ከጨለማው ይወጣል። ጽሑፍ የለም። የሚጫኑት ባተን የለም። አንድም ቃል የለም።

እውነቱን ልናገር፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አምስት ደቂቃ ያህል ጋማውን ሳፈስ ቆየሁ። ከዚያ ግን ሥራዬ ነውና ጠየቅኋት።

«ሰውየው ምን መንካት እንዳለበት በምን ያውቃል?»

«ይፈልጋላ! መፈለጉ እኮ ነው ደስታው።»

«ልጆቹን መኪና ውስጥ ጭኖ ነው የሚፈልገው፣ ጊፍቲ።»

«አንተ ዓለም ሁሉ የባንክ ፎርም ቢሆን ደስ ይልሃል» አለችኝና ላፕቶፑን ዘጋችው።

ኅዳር ላይ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ልንሞክረው ወጣን። እንጦጦ ጫፍ ላይ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ባለፈረሶቹ በመንገዱ ዳር ተሰልፈዋል። ከመካከላቸው ሴት አንድ ብቻ ናት፤ ወይዘሮ ብርቄ። የባሏን ኮት ደርባ፣ ቦት ጫማ አድርጋ፣ በአንድ እጇ ነጩን አምባላይ በሌላው ግንባረ ነጩን ቦራ ይዛ ትቆማለች። ባሏ ልደቱ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ሲሞት ዘመዶቹ ፈረሶቹን ሽጪ ቢሏት «እናንተ ራሳችሁን ሽጡ» ብላ መለሰች ይባላል።

ጊፍቲ ሁለት ልጆች ይዛ ከመኪና የወረደች አንዲት እናት ዘንድ ሄዳ፣ በትሕትና አስረድታ፣ ሊንኩን ላከችላት። ሴትየዋ ስልኳን ዘርግታ ጠበቀች። ኔትወርኩ ደካማ ነው። ስክሪኑ ነጭ ሆነ፤ ቆየና ጠቆረ፤ በጣም ቆየና ፈረሱ መጣ።

«ያምራል!» አለች ሴትየዋ። ከልቧ ነው ያለችው። ከዚያ ቀና ብላ ጊፍቲን አየቻት፤ «እና?»

አጠቃቀሙን ለማንም እንዳንነግር ተስማምተን ነበር የመጣነው። ሴትየዋ ጣቷን አሳረፈች። ጋማው ፈሰሰ። ትንሿ ልጅ ሳቀችና «ጌም ነው?» ብላ ጠየቀች። እናትየው አንድ ሁለቴ ነካካችው፤ ከዚያ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ አጠገቧ ወደቆመው ደላላ ዞረች።

«ወንድም፣ ፈረስ ስንት ነው?»

እስከ ቀትር ስድስት ሰው ሞከርን። አምስቱ «ያምራል» ብለው ዘጉት። ስድስተኛው ጎረምሳ በአጋጣሚ የአንዱን ፈረስ አፍንጫ ነክቶ አወጣው፤ መመለሻው ግን ጠፋበትና እዚያው ቀረ። ወይዘሮ ብርቄ ይህን ሁሉ ከኋላችን ቆማ ስታይ ቆይታ ነበር።

«ልጄ» አለች ጊፍቲን፣ «እጅሽ የተባረከ ነው። ግን ፈረሴን ደብቀሽዋል። እኔ እኮ እንጀራ የምበላው ሲያዩት እንጂ ሲፈልጉት አይደለም።»

ጊፍቲ ደብተሯን አንሥታ ቁልቁል መንገድ ጀመረች። ታክሲ አልጠበቀችም። እስከ ፈረንሳይ ድረስ በእግራችን ወረድን፤ እኔ ከኋላዋ እየተንደረደርኩ። ሱቆቹ ጋ ስንደርስ ቆመች።

«ወይዘሮ ብርቄ ልክ ናቸው» አለች። «ያናደደኝ እሱ ነው።»

እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝና ሰኞ አቶ ለይኩን ሲደውል ሙከራው እንዳልተሳካ ነገርኩት። ማግስቱን ራሱ ቢሯችን መጣ። ደስ ያለው ይመስል ነበር።

«ችግር የለም፣ መፍትሔ ይዤ መጥቻለሁ» ብሎ ላፕቶፑን ከፈተ። «ለፕሮጀክቶቻችን በሙሉ የምንጠቀምበት ነው። ሁሉ ሰው ያውቀዋል፤ ማንንም አያስቸግርም።»

ነጭ ገጽ፤ ሰማያዊ ባተን። ባተኑ ሲጫን አሥራ አራት ሳጥን ያለው ፎርም ይመጣል፦ ሙሉ ስም፣ ዜግነት፣ ኢሜይል፣ የጉብኝቱ ዓላማ፣ ወዘተ። ከላይ ደግሞ ከኢንተርኔት የተገኘ ፎቶ ተቀምጧል። ቆዳው እንደ ተወለወለ ሳንቃ የሚያበራ ግዙፍ ፈረስ፣ ነጭ ሱሪና ጥቁር የራስ ቁር ያደረገች ፈረንጅ ተቀምጣበታለች። ከኋላ የተላጨ የሚመስል ሣርና ነጭ አጥር ይታያል።

«ፈረሱስ?» አለች ጊፍቲ።

«ምን ሆነ?»

«የእንጦጦ አይደለም።»

አቶ ለይኩን ሳቀ። «ፈረስ ፈረስ ነው፣ ጊፍቲ።»

ከወንበሯ ተነሣች። ሲከፋት ድምፅዋ አይጮህም፤ ይወፍራል እንጂ።

«አቶ ለይኩን፣ እኔ ተሳስቻለሁ፤ አምኛለሁ። ይሄ ግን የእኔን ስሕተት አያርመውም። የእኔው ሰው ያስቸግራል። የእርስዎ ደግሞ ይዋሻል።»

«ሥዕል እኮ ጌጥ ነው። መጀመሪያ ነገሩ ይሥራ፤ ከዚያ ታስጌጪዋለሽ።»

«ሰው ዳገቱን የሚወጣው ፎርም ሊሞላ አይደለም። ፈረሱን አይቶ ልቡ ሲነሣ ነው። እሱን ካወጡት ምኑ ነው የሚሠራው?»

አቶ ለይኩን ላፕቶፑን ዘጋ። ከአሥር ቀን በኋላ የማኅበሩ ስብሰባ እንዳለ፣ እዚያ ይህንኑ ነጩን ገጽ እንደሚያቀርብ፣ እኛ ካልጫንነው ሌላ ድርጅት እንደሚጭነው ነግሮን ወጣ።

ደረጃውን ወርዶ እስኪጨርስ ጠበቅሁ። «እሺ ብንለው ምን ይጎዳናል?» አልኳት። አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ብዙ ደንበኛ የሚልክልን ያ ፕሮጀክት ነበር።

«አንተ እሺ በል» አለችኝ። «እኔ ግን ስሜን ከዚያ ፈረስ ሥር አላስቀምጥም።»

በማግስቱ ማለዳ ብቻዋን ወጣች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ። ወረቀትና እርሳስ ይዛ፣ ፎጣ አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ ፈረሶቹ በሚግጡበት ሜዳ ላይ ትቀመጣለች። አንድ በአንድ ሳለቻቸው። ከቀትር በኋላ ቢሮ ስትመጣ ጣቶቿ ቀልተው፣ አፍንጫዋ ቀልቶ፣ ወሬዋ ግን ሌላ ሆኖ ነበር። በፊት ስለ መስመርና ስለ ጥላ ነበር የምታወራው፤ አሁን ስለ ጥቁሩ ጉራችና ስለ ቀዩ ዳማ፣ የትኛው ሕፃን እንደሚወድ፣ የትኛው መኪና ሲያይ እንደሚደነብር ሆነ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ቱሉ ፈረሱን ስትስል አጠገቧ ቆመው አይተዋታል። ጉራች ነው፤ ግራ ጆሮው ጅብ የቆረጠው ነው። «ጆሮውን እንዳትቀጥይለት» አሏት። «ሰው የሚያውቀው በእሱ ነው።»

ደግሞም እንግዶችን ማዳመጥ ጀመረች። ሰው ፈረስ ዘንድ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ይጠይቃል? ሦስት ነገር ነው፦ ይራገጣል ወይ፣ ልጅ ይይዛል ወይ፣ ዋጋው ስንት ነው። ከእያንዳንዱ ሥዕል ጎን እነዚህን ሦስቱን መልሶች ብቻ ጻፈች። የአቶ ለይኩንን አሥራ አራት ሳጥን ጨርሳ ተወችው።

ያን በጥቁሩ ገጽ ላይ የነበረውን ባለ አንድ መስመር ፈረስ ራሷ ናት «አጥፋው» ያለችኝ። በእሱ ክብደት ገጹ በእንጦጦ ደካማ ኔትወርክ አይከፈትማ። ስሰርዘው ወደ መስኮቱ ዞራ ቆመች፤ ሲያልቅ «በቃ?» አለች፣ «በቃ» አልኳት።

ከእኔም ጋር ተጣላን፤ ይህንም ልናገር። እኔ የመደወያው ባተን ግራጫ ይሁን፣ ሁሉ ሰው የለመደው ነው አልኩ። እሷ ፈረሶቹ ግንባር ላይ እንደሚታሰረው የሱፍ ዘርፍ ቀይ ይሁን አለች። እኔ ፊደሉን አነስ አድርጌ ብዙ ነገር በአንድ ስክሪን ላይ ላስገባ ስል እጄን መታችው።

«ይሄ የላቲን ፊደል አይደለም። ራስም እግርም አለው፤ አጠባብቀህ ስታቆመው ይረጋገጣል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ እየገባ የሚያነብ ሰው አስብ።»

አሰብኩ። አተለቅሁት። ልክ ነበረች፤ በቀዩም ጭምር።

የሠራነውን ሁሉ የምንፈትነው በወይዘሮ ብርቄ ስልክ ነበር፤ መስተዋቱ በሦስት ቦታ ተሰንጥቋል። በዚያ ላይ ካልተከፈተ፣ በዚያ ላይ ካልታየ ወደ ቢሮ ተመልሶ ይታረማል። በሰባተኛው ቀን ገጹን ከፈተችና ጣቷ ሳታመነታ ቦራው ላይ አረፈ። ማንበብ ብዙም አትችልም፤ በግንባሩ ነጭ ነው ያወቀችው።

«እዚህ ቀዩ ላይ ምን ይላል?» አለች።

«‹ለባለቤቱ ይደውሉ› ይላል፣ እትዬ» አለች ጊፍቲ።

«ባለቤቱ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ።»

«ታዲያ ስሜን ጻፊዋ! ልደቱ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ እዚህ ሰፈር ግን አሁንም የልደቱ ፈረስ ነው የሚሉት። የማበላው እኔ፣ የእግሩን ብረት የማስመታው እኔ። ብርቄ ብለሽ ጻፊ።»

ጊፍቲ እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ ቀየረችው። ለብርቄ ይደውሉ። ከዚያ የቀሩትንም ሁሉ፦ ለቱሉ ይደውሉ፣ ለሚልኬሳ ይደውሉ። ቀዩን ሲጫኑት የባለፈረሱ ስልክ ይጮሃል። ሌላ ምንም ነገር የለውም።

የስብሰባው ቀን አባላቱ ጭነት በሚራገፍበት ዳስ ሥር ተሰበሰቡ። አቶ ለይኩን ላፕቶፑን ሣጥን ላይ አስቀምጦ ነጩን ገጽ አሳየ። ስለ ደረጃ፣ ስለ መረጃ አሰባሰብ፣ ስለ ዓለም አቀፍ ልምድ ተናገረ። ሰዎቹ በአክብሮት አዳመጡት። ሲጨርስ ወይዘሮ ብርቄ እጇን አነሣች።

«ይሄ የማን ፈረስ ነው?»

«ይሄ? ለምሳሌ የገባ ነው፣ እናቴ።»

«ገብቶኛል። የማን ነው ግን?»

አቶ ለይኩን ፎቶውን አየ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ይመስለኛል። «የማንም አይደለም» አለ።

ሳቅ ፈነዳ። አቶ ቱሉ አልሳቁም፤ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ሰው ይህን በስልኩ አይቶ ከመገናኛ ድረስ መጥቶ፣ የእኔን ጆሮው የተቆረጠ ፈረስ ሲያገኝ ምን ልበለው? ደግሞስ የሞላው ወረቀት የሚደርሰው ለማን ነው?»

«ለቢሯችን። ቢሮው ለማኅበሩ ያስተላልፋል።»

«እሑድስ?»

አቶ ለይኩን የላፕቶፑን ስክሪን ማስተካከል ጀመረ።

«እሑድ ቢሮው ክፍት ነው ወይ?»

«እሑድ… ዝግ ነው።»

«እኛ ደግሞ የምንሠራው እሑድ ነው» አሉና ተቀመጡ።

ያኔ ጊፍቲ ወጣች። ላፕቶፕ አልከፈተችም። ስልክ ያላችሁ አውጡ፣ የሌላችሁ ከጎናችሁ ተመልከቱ አለችና ሊንኩን ላከችላቸው። ከዚያ ከዳሱ አንዱ ጥግ «ዳማዬ!» የሚል ጩኸት መጣ፤ ከዚያ ከሌላው። እርስ በርስ ስልክ መነጣጠቅ፣ መሣሣቅ፣ «የአንተው ወፍሯል» መባባል ሆነ። ሚልኬሳ የሚባለው ወጣት ግን ተቆጣ፤ የእሱ ፈረስ አንገቱ አጥሮ ተስሏል። ጊፍቲ ደብተሯን አውጥታ ነገ ጠዋት እመለሳለሁ ብላ ጻፈች።

«አቶ ለይኩን፣ እርስዎም ይሞክሩት» አለች።

ሰው ሁሉ እያየው ነበርና ስልኩን አወጣ። ገጹ ወዲያው ተከፈተለት። ጥቂት ወረደ፤ አንዱ ላይ ቆመ፤ ቀዩን ተጫነ። ከእሱ አራት እርምጃ ርቆ የወይዘሮ ብርቄ ኮት ጮኸ።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለች፣ ዓይን ዓይኑን እያየችው።

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። አቶ ለይኩንም ፈገግ ማለቱን አይቻለሁ፤ ግን ቶሎ ሰበሰበው። «ጥሩ ሙከራ ነው» አለ። «ሆኖም ቁጥር አይሰበስብም። ማን እንደ ደወለ፣ ከየት አገር እንደ መጣ አናውቅም። በፕሮጀክቱ መስፈርት ልቀበለው አልችልም።»

አቶ ቱሉ ሳይነሡ መለሱለት። «አይቀበሉት። እኛ ተቀብለነዋል።»

ነጩ ገጽ አሁንም ኢንተርኔት ላይ አለ። ፕሮጀክቱ በሌላ ድርጅት አስጭኖታል፤ ፈረንጇም እዚያው ፈረሷ ላይ ናት። ማኅበሩ ደግሞ የእኛን በራሱ ስም ከፈተው። ከዚያ በኋላ ከፕሮጀክቱ ሥራ መጥቶልን አያውቅም፤ እስከ ገና በዓል ድረስ የነበሩት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ጊፍቲን አንድ ቀን «ትጸጸቻለሽ?» አልኳት። «ስለ ምኑ?» አለች፤ እውነትም አልገባትም።

የመጀመሪያው እሑድ አራት ስልክ ተደወለ። ሦስቱ ለወይዘሮ ብርቄ ነበር። ጥምቀት ሰሞን አቶ ቱሉ ባትሪያቸው ከቀትር በፊት እያለቀ አስቸግሯቸዋል። ሁሉም ነገር ሠመረ ማለቴ አይደለም። ጎህ ሳይቀድ የሚደውል አለ። የሚልኬሳ ፈረስ ሦስት ጊዜ ተሳለ፤ አሁንም አንገቱ አላጠገበውም። ደላሎቹም አልጠፉም፤ አንዱ እንዲያውም ገጻችንን በስልኩ ለእንግዶች እያሳየ «ከዚህ ይምረጡ» ማለት ጀምሯል። ጊፍቲ ይህን ስትሰማ ለአንድ ሰዓት ያህል ተናደደች፤ ከዚያ ራሷን ይዛ ሳቀች።

መጋቢት ላይ አቶ ለይኩን ደወለ። ለዓመታዊ ሪፖርታቸው ሽፋን ከሥዕሎቹ አንዱን፣ ቦራውን፣ እንድንሰጠው ጠየቀ። ድምፁ ለስላሳ ነበር።

«ቦራው የእኔ አይደለም» አለችው ጊፍቲ። «ወይዘሮ ብርቄን ይጠይቋቸው።»

መቼም ይተወዋል ብዬ ነበር፤ ደወለላት። ወይዘሮ ብርቄ ሥዕሉን ይውሰድ፣ ከሥሩ ግን «የብርቄ ቦራ» ተብሎ ይጻፍ አለች። እሱም የሽፋኑ ዲዛይን አስቀድሞ የተወሰነ ስለሆነ ስም የሚጻፍበት ቦታ የለውም አላት። ስም ካልገባ ፈረሱም አይገባም ብላ ዘጋችው።

ሪፖርቱ ሰኔ ላይ ታተመ። ሽፋኑ ላይ ባሕር ዛፍ ነው ያለው።